አንዲት ቡሎን ሰበርኩና…

በኑዛዜ ልጀምር። ባለፈው ክረምት የአጎቴን ሞተር ሳይክል ሰበርኩ። «ሰበርኩ» ስላችሁ ከአጥር ጋር ተላትሜ እንዳይመስላችሁ። ሞተሩ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። እኔም በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ከትንሿ ጣቴ የማትወፍር አንዲት ቡሎን እያጠበቅሁ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዙር ሰተት ብላ ገባች። ከዚያ ከረር አለች። ዝገት ይሆናል ብዬ ገፋሁ። ይበልጥ ከረረች። ጭራሽ መፍቻው ላይ የውሃ ቱቦ ቁራጭ ሰካሁና እጀታውን አስረዘምኩት። ከዚያማ… «ቀጭ!»

የቡሎኗ ራስ መፍቻው ውስጥ ቀረ። የተረፈው አካሏ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ተቀበረ። አጎቴ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና «በይ ሻይ እንጠጣ» አሉኝ። እናንተዬ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር!

ሞተሩ የእንግሊዝ ሥሪት ነው፤ ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 የሚባለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጦር ሠራዊት ከ120 ሺህ በላይ ከተመረቱት ወገን መሆኑ ነው። አጎቴ ከማን እንደገዙት ሲጠየቁ በየበዓሉ የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ለፋሲካ ሻጩ ጡረታ የወጣ መቶ አለቃ ነው፤ ለገና ደግሞ የግሪክ ነጋዴ ይሆናል። የማይለዋወጠው ታሪክ ግን ይኸ ነው፦ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ቁራጭ በቁራጭ ፈትተው፣ አጥበው፣ መልሰው ሲገጥሙት ኖረዋል። ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው እኔ «ላግዝዎት ጋሼ» ያልኩት።

ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁና አንድ ነገር ሲበላሽ «ጥፋቱ የማን ነው?» ማለት አይቀርልኝም። በዚህኛው ጉዳይ ተጠርጣሪዋ ራሴ መሆኔ ምርመራውን ትንሽ አከበደው እንጂ አላስቀረውም። የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠኝ የሰፈራችን የቶርኖ ባለሙያ ነው። የተሰበረችውን ራስ አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ይቺ እኮ ሚሊ ናት። ቀዳዳው ደግሞ ኢንች ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንዲት ቡሎን ጠፍታ ስለነበር የጎረቤቷን ውፍረት ለካሁ። 8 ሚሊ ሜትር ለመሙላት የቀራት ነገር አልነበረም። ሶማሌ ተራ ሄጄ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ገዛሁ። ትክክለኛዋ ግን የእንግሊዝ 5/16 ኢንች ናት፤ በሚሊ ሜትር 7.94። ልዩነቱ የፀጉር ዘለላ ታህል ነው። የጥርሳቸው አቀማመጥ ግን ለየቅል ነው። የእንግሊዟ በአንድ ኢንች ርዝመት 18 ጥርስ ሲኖራት የእኔዋ ከ20 በላይ አላት። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዙር ተግባብተው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ይጣላሉ። እኔ ዝገት ያልኩት ለካ ጠብ ኖሯል!

ጠቡ ደግሞ የትናንት አይደለም። እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉም በየጥርሱ

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱን ጥርስ ያወጣ ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ዳዶ የሌላው ፋብሪካ ቡሎን ላይ አይገባም። ማሽን ሲፈታ የትኛው ዳዶ የትኛው ቡሎን ላይ እንደነበረ ምልክት ያላደረገ ሠራተኛ ወዮለት! 

ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሞድስሌይ የሚባል ሰው በ1800 ገደማ ጥርስን በትክክል ደጋግሞ የሚያወጣ ቶርኖ ሠራ። በእሱ ወርክሾፕ ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው። ዊትዎርዝ በ1833 ማንችስተር ላይ የራሱን ሥራ ከፈተ፤ በ1841 ደግሞ ለሲቪል መሐንዲሶች ተቋም አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ሐሳቡ የአገር ሽማግሌ ሐሳብ ነበር። ከብዙ ወርክሾፖች ቡሎኖችን ሰበሰበ፣ ጥርሳቸውን ለካ፣ አማካዩን ወሰደ። ማንም ሙሉ በሙሉ ያላሸነፈበት፣ ማንም ሙሉ በሙሉ ያልተሸነፈበት ፍርድ መሆኑ ነው። የጥርሱ አንግል 55 ዲግሪ ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ውፍረት ደግሞ የጥርሱ ብዛት ይወሰን አለ። የባቡር ኩባንያዎችና ፋብሪካዎች ቀስ በቀስ ተቀበሉት።

አሜሪካኖች ግን አልተስማማቸውም። በሚያዝያ ወር 1864 ፊላደልፊያ በሚገኘው የፍራንክሊን ተቋም ዊሊያም ሴለርስ የተባለ ማሽን ሠሪ ተነሥቶ የራሱን አቀረበ። የዊትዎርዝ ጥርስ ጫፉና ሥሩ ክብ ነው፤ ክብ ለማውጣት ብዙ መሣሪያና ብዙ ሙያ ይጠይቃል። የእኔ 60 ዲግሪ ነው፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፣ ማንኛውም ተራ ሠራተኛ ያወጣዋል ሲል ተከራከረ። በ1898 ደግሞ ዙሪክ ላይ የተሰበሰቡ አውሮፓውያን የሚሊ ሜትሩን ጥርስ ደነገጉ፤ እሱም 60 ዲግሪ ሆነ። እንግሊዝ በ55 ዲግሪዋ ጸናች።

እኛ አገር በመካኒክ አፍ የሚነገሩት ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ካንዴላ ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ጣሊያን ደግሞ የሚሊ ሜትር አገር ነው። አጎቴ ጋር ያለው ሞተር እንግሊዝኛ ይናገራል፤ የእኔ መፍቻና የእኔ አፍ ግን ጣሊያንኛ ነበሩ። እንዴት እንግባባ?

አንድ ውፍረት፣ ሦስት ጥርስ

ችግሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እንግሊዞች ራሳቸው ውስጥ ለውስጥ አልተስማሙም። ቢ.ኤስ.ኤ. የሚለው ስም «የበርሚንግሃም ትናንሽ የጦር መሣሪያዎች» ለማለት ነው። በ1861 የተመሠረተ የጠመንጃ ሠሪዎች ኩባንያ ነው። በኋላ ብስክሌት ሠራ፤ ከዚያ በ1910 የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል አሳየ።

ብስክሌት ሠሪዎች የዊትዎርዝን ጥርስ አልወደዱትም። ለቀጭን ቱቦ ሻካራ ነው፤ መንገድ ሲያንገጫግጨውም ይላላል። ስለዚህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአንድ ኢንች 26 የሆነ፣ 60 ዲግሪ የሆነ ደቃቅ ጥርስ ለራሳቸው ደነገጉ። በዚያው ዘመን ለመኪናና ለማሽን የሚሆን ሌላ ደቃቅ ጥርስም ወጣ፤ ይኸኛው በዊትዎርዝ 55 ዲግሪ የጸና ነው። ከብስክሌት የተወለደው ሞተር ሳይክል ሁሉንም ወረሰ።

እንግዲህ አስቡት። ያቺው 5/16 ኢንች ቡሎን በአንድ ሞተር ላይ ባለ 18፣ ባለ 22 ወይም ባለ 26 ጥርስ ልትሆን ትችላለች። በዓይን ሲታዩ እህትማማቾች ናቸው። ከሁሉ የከፋችው ደግሞ ባለ 1/4 ኢንቿ ናት። በዚህ ውፍረት ሁለቱም ደቃቅ ጥርሶች በኢንች 26 ናቸው፤ የሚለያዩት በአንግል ብቻ ነው። አንዷ በሌላዋ ቦታ ሳታኮርፍ ትገባለች። ነገር ግን ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይነካኩ አያያዟ የውሸት ነው። ጉዱ የሚታየው በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው።

መፍቻውም የራሱ ጣጣ አለው። የዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የሚጻፈው የአፉ ስፋት ሳይሆን የቡሎኗ ውፍረት ነው። «1/4» የተባለው መፍቻ አፉ 13.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። የእኛ 13 አይገባበትም፤ 14ቱ ይላላና የቡሎኑን ራስ ይልጠዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ብረት ለመቆጠብ ሲባል የቡሎኖቹ ራስ በአንድ ደረጃ አነሰ። ስለዚህ ያንኑ ጥርስ ያላት ቡሎን በሁለት መጠን ራስ ትገኛለች።

ያ ጦርነት ነገሩን ለአሜሪካኖችም ለእንግሊዞችም አፍጥጦ አሳያቸው። በ1940 ዲትሮይት የሚገኘው ፓካርድ የሮልስ ሮይስን መርሊን የአውሮፕላን ሞተር ለመሥራት ውል ገባ። ሞተሩ የእንግሊዝ ጥርስ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ የሴለርስ። ፓካርድ ጥርስ ማውጫዎቹን ሳይቀር ራሱ መሥራት ነበረበት። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በኅዳር 1948፣ አሜሪካ፣ ካናዳና ብሪታኒያ ዋሽንግተን ላይ የጋራ ጥርስ ስምምነት ፈረሙ። 60 ዲግሪ አሸነፈ። የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች ግን አብዛኛውን ጥርሳቸውን የቀየሩት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቢ.ኤስ.ኤ. ራሱ ወደቀ። አዲሱን ጥርስ አውጥቶ ሳይጨርስ አረጀ ማለት ይቻላል።

ቡሎን የምትለጠጥ ነገር ናት

እሺ፣ ጥርሱ ተሳሳተ። ግን ለምን ተሰበረች? ብረት ሲጠብቅ የሚጠነክር ይመስለን የለ? አይደለም። ቡሎን እንደ ላስቲክ ናት። ስናጠብቃት በጥቂቱ ትለጠጣለች፤ ለመመለስ ስትሞክር ነው ሁለቱን አካል አጣብቃ የምትይዘው። ከልኩ ካለፈች ልትመለስ እስከማትችል ትለጠጣለች፤ ከዚያ ወዲያ መበጠስ ነው።

ክንዳችን ደግሞ ይዋሻል። ከምናወጣው 100 ጉልበት ውስጥ ወደ 50 የሚሆነውን በቡሎኗ ራስ ሥር ያለው ፍትጊያ ይበላዋል። ወደ 40 የሚሆነው በጥርሱ ፍትጊያ ይጠፋል። ቡሎኗን ለመለጠጥ የሚደርሰው 10 ያህል ብቻ ነው። ጥርሱ ካልተስማማ ወይም ከቆሸሸ ፍትጊያው ሁሉንም ይወስደዋል፤ ክንዴ «ጠብቋል» ይላል፣ የተጣበቀ ነገር ግን የለም። የእኔ ጥፋት ይኸ ነበር። ተቃራኒውም አለ፦ ጥርሱ ግራሶ ወይም ዘይት ከተቀባ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ በዚያው ጉልበት ቡሎኗ ከልክ በላይ ትለጠጣለች። ለደረቅ ጥርስ የተጻፈ ቁጥር ለተቀባ ጥርስ አይሠራም።

መጠኑንም እንየው። ተራዋ ባለ 6 ሚሊ ሜትር የብረት ቡሎን የሚበቃት 10 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ማሳረፍ ማለት ነው፤ ከአንድ ከረጢት ሽንኩርት አይበልጥም። እኔ እንዳደረግሁት ቱቦ ሰክታችሁ እጀታውን 60 ሳንቲ ሜትር ብታደርሱት ያው 5 ኪሎ 30 ይሆናል። ይኸ እሷን ለመስበር ከበቂ በላይ ነው። ቀዳዳው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የሚበላው የቀዳዳው ጥርስ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አጎቴ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት እንዲህ ይላል። አዲስ ቡሎን መጀመሪያ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ይግባ፤ በጣት ካልገባ መፍቻ አይነካውም። ጥርሱ በጥርስ መለኪያ ይታይ፤ ውፍረት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ቀዳዳው ይጠረግ፤ ከታች ድፍን የሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ከቀረ፣ ቡሎኗ ስትገባ ዘይቱ መውጫ አጥቶ አሉሚኒየሙን ሊሰነጥቀው ይችላል። ብዙ ቡሎን ያለው ክዳን በአንድ ጊዜ አይጠብቅም፤ በሰያፍ እየተዘዋወሩ በሁለት ሦስት ዙር ነው። ሞተሩ ሲግል አይነካም፤ አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ያህል ነው። ጉልበት የሚለካው መፍቻ፣ ቶርክ ሬንች የሚባለው፣ ካለ ይሠራበት፤ ከሌለ አጭር መፍቻ። ቱቦ ለውሃ ነው።

የቶርኖው ባለሙያ ቀባሪዋንም ተቀባሪዋንም አስታረቀን። ስባሪዋን መሃሏን እየበሳ አወጣት፤ የተጎዳው የቀዳዳ ጥርስ ላይ የብረት ጥቅል ጥርስ አስገባ፤ ባለ 18 ጥርስ የሆነች 5/16 ቡሎን ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ዋጋውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ስትገጠም አጎቴ መፍቻውን ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺው ሥሪያት» አሉ። በጣቴ አስገባኋት፤ እስከ ጥግ ሰተት ብላ ሄደች። ከዚያ በአጭሩ መፍቻ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። እጄ እንደ ልማዱ «አንድ ጊዜ ልድገም» ሲል አጎቴ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በቃ» አሉ።

በቃ አልኩ እኔም። ያን ቀን ቡሎኗ ስትከርር እየነገረችኝ የነበረው ይህንኑ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። እናንተም ቤት አሮጌ ነገር የምትጠግኑ ካላችሁ፣ ብረቱ ሲያኮርፍባችሁ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት የማን አገር ልጅ እንደሆነ ጠይቁት።

ቸር እንሰንብት!