ብቻቸውን ተወዳድረው የወደቁት ሰው፤ የአፍሪካ የሥልጣን ወንበርና የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ታሪክ

ጥር 21 ቀን 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ በር ዘግተው ድምፅ ሰጡ። ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ያሠራችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ከተመረቀ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ለኮሚሽኑ ሊቀመንበርነት የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ በወንበሩ ላይ የነበሩት የጋቦኑ ዣን ፒንግና የደቡብ አፍሪካዋ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ። በመጀመሪያው ዙር ፒንግ 28 ለ25 መሩ። በሁለተኛው 27 ለ26፣ በሦስተኛው ደግሞ 29 ለ24 ሆነ። በደንቡ መሠረት ድላሚኒ ዙማ ከውድድሩ ወጡና ፒንግ ለአራተኛው ዙር ብቻቸውን ቀረቡ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ፒንግ ግን ተፎካካሪ በሌለበት ወደቁ። ለመመረጥ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አላገኙም።

ይህ ዓይነቱ ፍጥጫ በአህጉሩ ታሪክ እንግዳ አይደለም። መነሻው ግንቦት 1955 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው፣ የኅብረቱ ቀዳሚ የሆነው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ነው። የጋናው ክዋሜ ንክሩማ አንድ የአፍሪካ መንግሥት ይቋቋም ሲሉ፣ አብዛኞቹ መሪዎች ገና በእጃቸው የገባውን ነፃነት ለማንም አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም። ስለዚህ የድርጅቱን ዋና ጸሐፊ ሥልጣን በጽሕፈት ቤት አስተዳደር ወሰኑት። ኢትዮጵያዊው ዲፕሎማት ክፍሌ ወዳጆ ሥራውን በጊዜያዊነት መሩ። ሐምሌ 1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ደግሞ ጊኒያዊው ዲያሎ ቴሊ የመጀመሪያው ቋሚ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ።

ቴሊ በአስተዳደር ብቻ የሚወሰኑ ሰው አልነበሩም። በተባበሩት መንግሥታት የአገራቸው አምባሳደር ሆነው ያገለገሉ፣ ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ አፓርታይድ ሳይፈሩ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ይህ ድፍረታቸው ብዙ መሪዎችን አስቀየመ። ሰኔ 1964 ዓ.ም. ራባት ላይ በካሜሩኑ ንዞ ኤካንጋኪ ተተኩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የፍትሕ ሚኒስትር ቢሆኑም በኋላ በሤራ ተወንጅለው ታሰሩ። የካቲት 1969 ዓ.ም. በጊኒው ፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ ካምፕ ቦይሮ እስር ቤት፣ ምግብና ውኃ ተከልክለው ሞቱ። ስምንት ዓመት ያገለገሉት ድርጅት ሊያድናቸው አልቻለም።

ኤካንጋኪም ዘመናቸውን አልጨረሱም። አፍሪካን ባስጨነቀው የነዳጅ ቀውስ ጊዜ ሎንሮ ከተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር የአማካሪነት ውል ፈረሙ። ኩባንያው በሮዴዥያና በደቡብ አፍሪካ ጥቅም ስለነበረው ቁጣው በረታና ሥልጣን ለቀቁ።

ተተኪያቸውን ለመምረጥ መሪዎች ሰኔ 1966 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ላይ ሲገናኙ ፉክክሩ በሁለት ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች መካከል ሆነ፤ በአስተናጋጇ አገር ዕጩ በዑመር አርቴ ጋሊብና በዛምቢያው ቨርነን ምዋንጋ። የአረብ አገሮች በአብዛኛው ከሶማሊያው፣ የደቡቡ ወገን ከዛምቢያው ጎን ተሰለፉ። ሶማሊያ በኦጋዴን ላይ ባነሣችው ጥያቄ የተነሣ ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ቀላል አልነበረም። ድምፅ ተሰጠ፣ ተደገመ፣ ተደጋገመ፤ ማንም አላለፈም። በመጨረሻ ሁለቱም ወጡና ቀድሞ በዕጩነት ያልቀረቡት ዊልያም ኤቴኪ ምቡሙዋ ተመረጡ። እሳቸውም ካሜሩናዊ ናቸው።

ሰኔ 1975 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አግባቢ ሰው እንኳ አልተገኘም። የማሊና የጋቦን ዕጩዎች ተፋጠው ቀሩ። ናይጄሪያዊው ምክትል ፒተር ኦኑ ተጠባባቂ ሆነው፣ የኒጀሩ ኢዴ ኡማሩ ሐምሌ 1977 ዓ.ም. እስኪመረጡ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ሠሩ። ያ ዘመን ድርጅቱ በምዕራብ ሳህራ ጉዳይ ለሁለት የተከፈለበት፣ ሞሮኮም ጥላው የወጣችበት ነው። አንድ የሚያቀራርብ ሰው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት መሪው ተጠባባቂ ነበር።

የ2004ቱ ፍጥጫም እንዲሁ በአንድ ጉባኤ አልተፈታም። ትልልቆቹ አገሮች ለዚህ ወንበር አይወዳደሩም የሚለው ያልተጻፈ ስምምነት ፈርሷል ብለው ብዙዎች ቅር ተሰኙ። የደቡቡ ቀጠና በበኩሉ ወንበሩ ደርሶት አያውቅም ብሎ ሞገተ፤ ፒንግንም በሊቢያና በኮትዲቯር ቀውሶች ጊዜ ዘገዩ ሲል ወቀሰ። ጋቦንና ደቡብ አፍሪካ ራሳቸው ያሉበት፣ ኢትዮጵያንም የጨመረ የስምንት አገሮች ኮሚቴ መፍትሔ እንዲፈልግ ታዘዘ፤ አልተሳካለትም። ቀጣዩ ጉባኤ በማላዊ ሊካሄድ ታስቦ ነበር፤ አገሪቱ የሱዳኑን ፕሬዚዳንት አልበሽርን አልቀበልም በማለቷ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ሐምሌ 8 ቀን ድላሚኒ ዙማ በ37 ድምፅ አሸነፉ፤ ኮሚሽኑን የመሩ የመጀመሪያዋ ሴትም ሆኑ።

የካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለዚሁ ወንበር የጅቡቲው ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ የኬንያውን ራይላ ኦዲንጋን ለማለፍ ሰባት ዙር አስፈልጓቸዋል። በመጀመሪያው ዙር ይመሩ የነበሩት ኦዲንጋ ነበሩ፤ ያሸነፉት ግን 33 ድምፅ የሰበሰቡት ዩሱፍ ናቸው።

በዚህ ሁሉ መጓተት ደንቡን መውቀስ ይቀላል። እኔ ግን ደንቡ ሊጠበቅ ይገባል እላለሁ። ሁለት ሦስተኛው ባይኖር ኖሮ ወንበሩን ጉልበተኛው ቀጠና በአንድ ድምፅ ብልጫ ይወስደው፣ ትንንሾቹ አገሮችም አጃቢ ሆነው ይቀሩ ነበር። ደንቡ ዕጩዎች ያላሰቡትን ሰው ደጅ እንዲጠኑ፣ ያልወደዳቸውንም እንዲያሳምኑ ያስገድዳል። ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው። መሪዎች ለስሙ ሌሊቱን ሙሉ ይከራከራሉ፤ የተመረጠው ሰው ምን ይሠራ፣ በምን ሥልጣን፣ በማን ገንዘብ የሚለውን ግን ለማግስቱ ይተዉታል። በዚህ መንገድ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ማንንም የማያስቀይም ሰው ነው፤ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ያንኑ ሰው ደካማ ብለው ይወቅሱታል። ዲያሎ ቴሊ ዛሬ ዕጩ ሆነው ቢቀርቡ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚያገኙ አይመስለኝም። አህጉሩ እንዲህ ያለውን ሰው መርጦ ሥልጣን ሊሰጠው፣ ከሰጠውም በኋላ ሊታገሠው የሚችልበትን ቀን ማምጣት ያለባቸው በዚያ አዳራሽ በር ዘግተው የሚቀመጡት መሪዎች ናቸው።