ሐዲዱ እጅ ሲለውጥ ሠራተኛው የት ይገባል?

አንድ ኩባንያ እጅ በሚለውጥበት ጊዜ የርክክቡ ሰነድ ብዙ ነገር ይቆጥራል፤ ሐዲዱን፣ ድልድዩን፣ ፉርጎውን፣ ዕዳውን። ሠራተኛውስ ከየትኛው መዝገብ ይገባል? ከጅቡቲ ተነስቶ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላ፣ በሽንሌ፣ በኤረርና በአፍደም የሚያልፈው የምድር ባቡራችን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምስክር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ታሪክ መጀመሪያ ሥራውን ያጣው የባቡር ሠራተኛ ሳይሆን ግመል ነጂው ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ሲራራ ያርፍና ቀረጥ ይከፍል የነበረው ጀልዴሳ ላይ ነው። ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ፤ ጀልዴሳም ጭር አለች። ጅግጅጋ ሐዲድ ስላልደረሰባት የበርበራን መንገድ ይዛ ቀጠለች። ታዲያ ከሲራራው ጥበቃ ይጠቀም የነበረው የኢሳ ሰው፣ ሐዲዱ በግጦሽ መሬቱ ላይ ሲዘረጋ ቢቃወም ምን ይገርማል?

ምኒልክ በ1894 ለኢልግና ለሸፍኖ በሰጡት ፈቃድ የተቋቋመው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። በ1908 ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካና ሐዲዱን በ1917 አዲስ አበባ አደረሰው። ይህ ኩባንያ የራሱን የሥራ ጠባይም ይዞ መጥቷል። ከላይ ፈረንሳዩ፣ ከመካከል ግሪኩና አርመኑ፣ ከታች አገሬው ይቀመጣል። ትእዛዙም፣ ደብዳቤውም፣ የመሣሪያው ስም ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው። ዛሬ ሁላችንም የምንለው «ለገሃር» እኮ የዚያ ቅሪት ነው።

ሠራተኛው ግን በዚያው ቤት ውስጥ የራሱን ባህል አበጀ፤ ተደራጀ፣ ተረዳዳ። የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኞች በ1940ዎቹ መጨረሻ ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ በኃይል ተደምስሷል። የሠራተኛ ማኅበርን የሚፈቅደው ሕግ የወጣው ግን በ1962 ነበር። ሠራተኛው ሕጉን ቀደመው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ባለቤትነቱ ደጋግሞ ተለዋወጠ። በ1959 በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ የግማሹ ባለድርሻ ሆነች፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም አዲስ አበባ ገባ። በ1977 ጅቡቲ ነፃ ወጣች፤ በዚያው ዓመት በተነሳው ጦርነት ሐዲዱ ተቆረጠ። በ1981 ደግሞ ድርጅቱ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር መካኒኩ ያንኑ መፍቻ ይዞ፣ ያንኑ ፈረንሳይኛ እየተናገረ ቀጠለ። አዲሱ ጌታ ያለ እሱ ባቡሩን ማንቀሳቀስ አይችልማ!

የኋለኛው ለውጥ ግን ሌላ ነው። አሮጌው መስመር ተዳከመ፤ በ2006 ለደቡብ አፍሪካው ኮማዛር በኮንሴሲዮን ለመስጠት ቢሞከርም አልሆነም። ቀጥሎ የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት መስመር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊሜትር ሲሆን የአዲሱ 1,435 ነው፤ አሮጌው በናፍጣ ይሄድ ነበር፣ አዲሱ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ማኔጅመንቱ በቻይናውያን እጅ ቆይቶ በ2024 ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሰዎች ተላለፈ። በዚህ መካከል በድሬዳዋ ጥገና ክፍል ፈረንሳይኛ የሚናገሩ አዛውንት አሮጌዎቹን ሎኮሞቲቮች እየጠራረጉ ቀሩ። እዚህ ላይ ሰውን ከሥራ ያወጣው ከስንብት ደብዳቤ ይልቅ የሐዲዱ ስፋት ነው። ሙያው እንዳለ ነው፤ የሚሠራበት ባቡር ግን የለም።

ጉዳቱ በደመወዝተኛው ላይ ብቻ አላቆመም። በየጣቢያው ሻይ የምታፈላው፣ ወተትና ጫት የምትጭነው ሴት ከባቡሩ ጋር ትኖር ነበር፤ ስሟ ግን በማንም የደመወዝ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። አዲሱ ባቡር ዋና ሥራው ኮንቴይነር ከወደብ ወደ መሐል አገር ማድረስ ነው።

አዲሱ ሐዲድ አያስፈልግም አንልም፤ ሀገር ያለ ወደብ መንገድ አትኖርም። የምንለው ሌላ ነው። በ1908ም ሆነ በ1959 ርክክቡ ሰውን ያስቀረው ሙያው ስላስፈለገ እንጂ መብቱ ታስቦለት አልነበረም። ሙያው ሳያስፈልግ ሲቀር ሰውየውም አብሮ ቀረ። ሠራተኛው ከሐዲዱ እኩል በርክክቡ ሰነድ ላይ ካልተጻፈ፣ የሚቀጥለው ርክክብም ይህንኑ ይደግማል። እስከዚያው እኛ ተማሪዎች ማድረግ የምንችለው አንድ ነገር አለ፤ ሽንሌና ድሬዳዋ ወርደን፣ እነዚያ አዛውንት በሕይወት ሳሉ፣ የሚያውቁትን መጻፍ።