ጭነት፣ አዋኪና ሁከት

የግብረ መልስ ቁጥጥር ጽሑፎች የሚያነሡትን የጭነት መለዋወጥ «ብልሽት» ብሎ መተርጐም ቀላል ነው፤ የጥበቡ ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም።

ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የገጠመው ፍጥነት ጠባቂ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከሩ ሁለት ኳሶች ነበሩት። ሞተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው መሣሪያዎች ሲበዙ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ኳሶቹ ይወርዳሉ፤ የእንፋሎቱም መግቢያ ይሰፋል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ጭነት ጨመረ እንጂ። ነገር ግን መግቢያው ሰፍቶ እንዲቆይ ኳሶቹ ዝቅ እንዳሉ መቆየት ስላለባቸው፣ ሞተሩ የቀድሞ ፍጥነቱን አሟልቶ አያገኝም።

ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 ባወጣው ጥናት ይህን ዐይነቱን መሣሪያ ከሌላው በስም ለየው። መዛነፉን የሚያለዝበውን ብቻ «አብራጅ»፣ ጭነቱ ቢለወጥም ፍጥነቱን ወደ ተወሰነለት ልክ የሚመልሰውን «ገዥ» ብንል አሳቡን እናገኘዋለን። መሐንዲሶች ክፍፍሉን አልጠበቁም (የሊቁ ዝና እንኳ አልረዳውም)፤ የዋትም መሣሪያ «ገዥ» እንደ ተባለ ቀረ።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ነው። በማክስዌል ጽሑፍ ሁከት ማለት ሞተሩ ከእኩል እንቅስቃሴው የሚያሳየው መዛነፍ ነበር፤ በኋላ ግን ያው የእንግሊዝኛ ቃል መዛነፉን ለሚያመጣው ውጫዊ ምክንያት ዋለ። አማርኛ ሁለቱን ከአንድ ሥር ለይቶ ሊጠራ ይችላልና፣ ምክንያቱን «አዋኪ»፣ ውጤቱን «ሁከት» እንድንል እናቀርባለን። የጭነት ለውጥ እንግዲህ አዋኪ ነው፤ ብልሽት የሚባለው የኳሶቹ ክንድ ሲሰበር ነው።