ሮም ስትዘጋ

ኦገስት 15 ሮም ውስጥ ቡና ፍለጋ የወጣ ሰው ብዙ ይሄዳል። ዳቦ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ጫማ ሰፊውም በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ወደ ባሕር ሄዷል። ቀኑ «ፌራጎስቶ» ይባላል። ስሙ ከአውግስጦስ ቄሳር የመጣ ነው፤ ከመኸር ሥራ በኋላ ለሕዝቡ የተሰጠ ዕረፍት ነበር። በኋላ የማርያም ዕርገት በዓል በዚያው ቀን ሆነ። በ1930ዎቹ ደግሞ የሙሶሊኒ መንግሥት በርካሽ ቲኬት ሕዝቡን በባቡር ሽርሽር ይልክ ጀመር። ለኛ ቀኑ ነሐሴ 9 ነው። ፍልሰታ ጾም ላይ ስለሆንን እነሱ ሲያከብሩ እኛ ገና እስከ ነሐሴ 16 እንጠብቃለን።

እኔ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰዓት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እሠራለሁ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። ሮም የሄድኩት ነሐሴ ላይ ነው፤ ፈቃዴ የደረሰው ያኔ ነው። ሱቅ ሲዘጋ የሚቀረው አደባባይ ነው፤ አደባባይ ደግሞ በር የለውም። እኛን የሚመለከተው የሮም ታሪክ አብዛኛው እዚያው ውጭ ነው ያለው፤ በግማሽ ቀን በእግር ያልቃል።

ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት ጦር! በየቀኑ ስንቱ ሻንጣውን እየጎተተ በዚያ ስም ላይ ያልፋል። መታሰቢያቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ ግን የራሳቸው አይደለም፣ ከግብፅ የመጣ የራምሴስ ሐውልት ነው።

ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ ለገሃር ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት እዚሁ ሥር ነበር። በጁን 1938 ዘርዓይ ደረስ ጎራዴ የመዘዘውም እዚሁ ነው። እኛ ዘንድ ሲተረክ ብዙ ፋሺስት ገድሎ ወደቀ ይባላል። መዛግብቱ የሚሉት ሌላ ነው፦ ሰዎች አቆሰለ፣ ተያዘ፣ ሲሲሊ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ፣ እዚያው በ1945 ሞተ። እንደኔ ይሄኛው ይብሳል። ፋሺዝም ወድቆ፣ አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች 4 ዓመት ሆኗት፣ እሱ ግን አልወጣም። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ ለገሃር ተመልሷል።

ከዚያ በኮሎሲየም በኩል ወደ ፖርታ ካፔና መውረድ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ዛሬ ያለበት ሕንፃ መሠረቱ ሲጣል የጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር። ከፊቱ ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣልያን የዘረፈችውን ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈረመች። ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው፤ በሦስት ተቆርጦ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን። አክሱም ላይ እንደገና የቆመው ደግሞ በ2008።

ሐውልቱ አሁን እዚያ የለም። አበበ ቢቂላ በሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ በባዶ እግሩ ሲያልፍ ግን ሐውልቱ እዚያው ነበር። ውድድሩን የጨረሰው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። ቆስጠንጢኖስ ማለት በ321 ዓ.ም. ከተሜው እሑድ ሥራ እንዲያቆም ያወጀው ንጉሥ ነው። ዛሬ አውሮፓ ሄዳችሁ እሑድ ሱቅ ዝግ ሆኖ ከጠበቃችሁ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከሱ ነው።

ዝግ ቀን እንግዲህ ዝም ብሎ አይመጣም፤ አንድ ሰው ያውጀዋል። ይሄን ሳስብ ትዝ ያለኝ የራሴ ኮድ ነው። ሶፍትዌራችን ውስጥ «በዓላት» የሚል ሰንጠረዥ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሰው የሰዓት ክፍያው በ2 ይባዛል። ለማሽኑ ዓድዋ ማለት በቃ 2 ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ ሁለት መስመር ከጣልያን ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ የካቲት 23 ነው። ሌላው ሚያዝያ 27 ነው፤ በ1928 ጠላት አዲስ አበባ የገባበት፣ በ1933 ደግሞ ንጉሡ የተመለሱበት ያው ቀን።

የካቲት 12 ግን የለም። በ1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝብ የተጨፈጨፈበት ቀን፣ በሕጉ የሥራ ቀን ነው። የአበባ ጉንጉን ስድስት ኪሎ ይቀመጣል፤ ቦሌ ለሚ ላይ ሠራተኛው እንደ ወትሮው ሰዓት ፈርሞ ይገባል። ማባዣው 1 ነው።

ይዘጋ እያልኩ አይደለም፤ የቀን ደመወዝ ቀልድ አይደለም። ግን ሮም የተሸነፈችበትን ቀን እንኳ ባቡር ጣቢያዋ ፊት ለፊት ጽፋዋለች። እኛ ደግሞ የሞትንበትን ቀን ሳንጽፍ እየሠራን እናሳልፈዋለን። የሚቀጥለው የካቲት 12 ላይ፣ ሻይ ሰዓት፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብላችሁ እስቲ ጠይቁት።