ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ፣ ስታር ኤድዋርድስ
ሲሊኮን፣ ብረት፣ ጨርቅ። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ አሜሪካ፤ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ.

ኳሷን ልብ ብለው ይመልከቱ። ልብ ሲላላ ኳሷ ከቀለበቱ ትርቅና ደም ያልፋል፤ ሲኮማተር ተመልሳ ቀለበቱን ትደፍናለች፤ ደም ወደ ኋላ አይመለስም። በእያንዳንዱ ምት ጠቅ ትላለች። ቫልቩ የተገጠመላቸው ሰዎች፣ በተለይ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ድምፁን ይሰሙት ነበር።

ጡረታ የወጣው መሐንዲስ ሎዌል ኤድዋርድስ በ1958 እ.ኤ.አ. ወደ ወጣቱ ቀዶ ሐኪም አልበርት ስታር የመጣው ሙሉ ልብ ለመሥራት ተመኝቶ ነበር። ስታር ግን “ከቫልቩ እንጀምር” የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1960 ቫልቩ የተገጠመላት የመጀመሪያዋ ታማሚ በሰዓታት ውስጥ አረፈች። ቀጥሎ የተገጠመለት የ52 ዓመት ሰው ግን አሥር ዓመት ያህል ኖረ። ይህች ትንሽ ኳስ ስንቱን ቤተሰብ ከለቅሶ እንዳዳነች ማሰብ ያስደንቃል።

የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል፤ ደሙንም በየጊዜው ያስመረምራል።

በሀገራችን የብዙ ልጆችን የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሐኪም በማዳመጫ ያልተለመደ ድምፅ ሲሰማ ይጠረጥራል፤ በልብ አልትራሳውንድ ያረጋግጣል። ሕመሙ ገና ሳይከፋ ከተደረሰበት በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ጉዳቱ እንዳይባባስ ያግዛል።

ልጅዎን ጉሮሮው ሲያመውና ሲያተኩሰው እንጥል አያስቆርጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።