ጩኸትና ዝምታ በልጆች ፍርድ ቤት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኦሮራ ነዋሪ የሆነች አንዲት እኅታችን ልጇን ለማስመለስ በቆመችበት ችሎት አብሬያት ተቀምጬ ነበር። ቤተሰቡን መልሶ ለማገናኘት የሚሰጠው አገልግሎት እንዲቋረጥ ተጠይቆባታል። ነቀፌታው፣ የወላጅነት ትምህርቱን አልጨረሰችም፣ ልጇን ከምትጎበኝበት ቀጠሮም ቀርታለች የሚል ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ እንደነበር፣ ቀጠሮውም በሥራ ሰዓቷ ላይ እንደዋለ እርሷ አልተናገረችም። ከችሎቱ ስንወጣ፣ «ጋሼ፣ ዳኛ ፊት እንዴት ቀና ብዬ ልከራከር?» አለችኝ። ለዚህች ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ያ ጥያቄ ነው።

ዴንቨር በዚህ ረገድ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። በአሜሪካ የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት በ1899 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ሲቋቋም፣ ዴንቨር ብዙም ሳትቆይ ተከተለች። በ1901 ዳኝነት የያዘው ቤን ሊንድዚ በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ ከባቡር ሐዲድ የድንጋይ ከሰል በሰረቀ ልጅ ላይ ሲፈርድ የልጁ እናት በችሎቱ ውስጥ እየጮኸች ራሷን ከግድግዳ ጋር አጋጨች። ዳኛው ቅጣቱን አግዶ ወደ ቤታቸው ቢሄድ፣ የማቅለጫ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው አባት በእርሳስ ተመርዞ ተኝቶ አገኘው። ልጅን ከመቅጣት በፊት ቤቱን ማየት ይገባል የሚለው ሐሳብ ሥር ሰደደ፤ በ1903ም የኮሎራዶ የልጆች ፍርድ ቤት ሕግ ወጣ።

ነገር ግን ርኅራኄ ያመጣው ሥልጣንም ሥልጣን ነው። መንግሥት እንደ አባት ከቆመ፣ የወለደችው እናት ምን ትሆናለች? ይህን ሚዛን ለመጠበቅ ሕጎች ተከታትለው ወጡ። የ1980ው የፌዴራል ሕግ፣ ቤተሰብ እንዳይፈርስና የተለያየውም እንዲገናኝ ምክንያታዊ ጥረት እንዲደረግ አዘዘ። በ1982 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የወላጅነት መብት የሚሻረው ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ ነው አለ። በ1997 ግን ሌላ ሕግ ሰዓቱን አጠበበው፤ ልጅ ከመጨረሻዎቹ 22 ወራት 15ቱን በአደራ ቤት ከቆየ፣ መንግሥት መብቱ እንዲሻር ክስ ያቀርባል። ኮሎራዶም ከ6 ዓመት በታች ላሉት ልጆች፣ ከቤት ከወጡ በ12 ወራት ውስጥ ቋሚ መኖሪያ እንዲገኝላቸው ትፈልጋለች። ስደተኛን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ይህ ሰዓት ነው። ሆኖም ያው የ1997ቱ ሕግ፣ መንግሥት ያለበትን አገልግሎት በወቅቱ ካልሰጠ ክሱን ላያቀርብ እንደሚችል ይደነግጋል። የወላጅ መከራከሪያ በር ይህ ነው።

ኦሮራ በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ካውንቲዎች ላይ ያረፈች ከተማ በመሆኗ፣ ጎረቤታሞች ወደ ተለያየ ችሎት ሊጠሩ ይችላሉ፤ አንዱ ወደ ሴንቴኒያል፣ ሌላው ወደ ብራይተን። የትም ይሁን፣ አቅም የሌለው ወላጅ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ያገኛል፤ በ2016ም እነዚህን ጠበቆች የሚያስተባብር የስቴቱ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀምሯል።

ደም ብቻውን ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። በአገራችንም የሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. ልጁን ትቶ ከርሞ ከእናቲቱ ሞት በኋላ ሞግዚትነት የጠየቀን አባት ትቶ፣ ላሳደገችው አክስት ፈርዷል። የልጅ ጥቅም ይቀድማል። ጥቅሙ ግን የሚታወቀው ሁለቱም ወገን ሲሰማ ነው።

ለእኅታችን የመለስኩላት ይህንኑ ነው። «እኅቴ፣ ዝምታ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም። ‹በላ ልበልሃ!› እያለ ዳኛ ፊት የተሟገተ ሕዝብ ነን። አንቺ ጨዋነት ያልሽውን፣ እነርሱ ግድ የለሽነት ብለው መዝግበውታል።» ጉዳዩን ለጠበቃዋ አስረዳች፤ በቀጣዩ ቀጠሮም በአስተርጓሚ በኩል ራሷ ተናገረች። ዳኛዋ አገልግሎቱ እንዲቀጥል፣ ትምህርቱም በአማርኛ እንዲሰጣት አዘዙ።

ልጁ ከወራት በኋላ ቤቱ ገባ። እናቱ በአማርኛ ስትጠራው በእንግሊዝኛ ይመልስላታል። ያንን ጉዳት የሚሰማ ችሎት የለም፤ ሥራው የእርሷና የእኛ ነው።