የፍጥነት አቅም፦ በጎማ ጎን ላይ ያለችው የመጨረሻ ፊደል

በጎማ ጎን ላይ «265/45 አር 20 104 ቪ» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ማንኛውም ጎሚስታ ያነብልዎታል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ምን ያህል መቶኛ እንደሆነ ይናገራል። አር የራዲያል አሠራሩን፣ 20 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። የቀሩት ሁለቱ፣ ማለትም 104 እና ቪ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነበቡ ይታለፋሉ። ጎማው መኪናውን ይችለው እንደሆነ የሚናገሩት ግን እነሱ ናቸው። የመጨረሻዋን ፊደል እንግሊዝኛው ስፒድ ሬቲንግ ይላታል። በአማርኛ የፍጥነት አቅም ብንላት ይስማማል።

«የፍጥነት ወሰን» ማለት አያስኬድም፤ እሱ የመንገዱ ሕግ ነውና ትራፊክ ፖሊስ ያስከብረዋል። «የፍጥነት ደረጃ» ሲባልም ሰው የጥራት ደረጃ ሊመስለው ይችላል። «አቅም» የሚለው ቃል ግን በከባድ መኪና ሾፌሮች አፍ ላይ የኖረ ነው፤ የመጫን አቅም ይላሉ። ከፊደሏ በፊት ያለው 104 የሚነግረን ይህንኑ ነው፦ አንዱ ጎማ 900 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ ጎማው የመጫን አቅሙ 104፣ የፍጥነት አቅሙ ቪ ነው ብለን አንድ ላይ መናገር እንችላለን።

በገበያ ላይ የሚገኙትን ዋና ዋናዎቹን ፊደላት ማወቅ ይጠቅማል። ኪው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር፣ ኤስ 180፣ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር ነው። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ኤችን 130፣ ቪን 149፣ ደብልዩን 168 ማይል ብለው ይያዙት። ኤች ከቲ በኋላ መምጣቷ የፊደል ተራውን ያፈርሳል፤ ምክንያቱ ታሪክ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሥርዓቱ ሲጀመር የነበሩት ኤስ፣ ኤች እና ቪ ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ መኪኖች እየፈጠኑ ሲሄዱ በመካከልና ከላይ ተጨመሩ።

ፊደሏ የምትሰጠው በቤተ ሙከራ ነው። አዲስ ጎማ ተነፍቶ፣ ከሚችለው ሸክም አብዛኛው ተጭኖበት፣ በሚሽከረከር ትልቅ የብረት ከበሮ ላይ ይጫናል። ከዚያ ፍጥነቱ በ10 በ10 ኪሎ ሜትር እየጨመረ፣ በየእርከኑ ለደቂቃዎች እንዲቆይ ይደረጋል። ሳይላጥ፣ ሳይቀደድ፣ ሳይፈነዳ የመጨረሻውን እርከን ካለፈ ፊደሏ ትጻፍለታለች። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ የተፈተነው አዲስ፣ ንፋሱ ልክ የሆነና ያልተጠገነ ጎማ ነው። ንፋሱ የጎደለ፣ ከልክ በላይ የተጫነበት ወይም ዕድሜው የገፋ ጎማ ላይ ቪ መጻፉ ዋስትና አይሆንም። ዕድሜውን ለማወቅ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ምልክት ጋር ያሉትን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ይመልከቱ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

«እኔ እንደሆንኩ 240 አልነዳ፤ ፊደሏ ምን ትሠራልኛለች?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱ ሙቀት ነው። ጎማ በዞረ ቁጥር መሬት የነካው ክፍሉ ይጨፈለቃል፣ መልሶም ይወጠራል። ከላይ የጠቀስነው ጎማ ዙሪያው 2.35 ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ 14 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ የጎኑ ክፍል በሰከንድ 14 ጊዜ ተጨፍልቆ ይመለሳል ማለት ነው፤ ይህ መታሸት ላስቲኩን ያሞቀዋል። ፍጥነቱ ከአቅም በላይ ሲሆን የተጨፈለቀው ክፍል ወደ ቅርጹ ሳይመለስ እንደገና መሬት ይደርሳል፤ በጎማው ላይም ሞገድ ይፈጠራል። ጎማ እዚያ ከደረሰ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከፍ ያለ ፊደል የሚያገኙት ጎማዎች ከብረት ቀበቶው በላይ የናይለን ሽፋን ተጠምጥሞባቸው፣ ጎናቸው ጠንከር ብሎ የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ፊደሏን የሙቀት መቻያና የአሠራር ጥንካሬ ምስክር አድርገን ብናያት ከእውነቱ አንርቅም።

ከፍ ያለ ተሽከርካሪ ላይ ሙቀት ምን እንደሚያደርስ ዓለም በደንብ ያየው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን መልሶ ለመሰብሰብ ወሰነ። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በሚባለው መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማው ጥርስ ያለበት ክፍል ከሥሩ ካለው ብረት እየተላቀቀ መኪኖች ተገለበጡ፤ በአሜሪካ ከ270 በላይ ሰዎች ሞቱ። አደጋው በሞቃት ግዛቶች ጎልቶ ታይቷል፤ ዝቅተኛ የንፋስ ልክም ካከራከሩት ነገሮች አንዱ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በአዳዲስ መኪኖች ላይ የንፋስ መጉደልን የሚያስጠነቅቀው መብራት ግዴታ የሆነው ከዚህ አደጋ በኋላ በወጣ ሕግ ምክንያት ነው።

አሁን ኦል ሲዝን ወደሚባለው ጎማ እንምጣ። ይህን ዓይነት ራዲያል ጎማ አሜሪካ ውስጥ ያስተዋወቀው ጉድይር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ቲዬምፖ በሚል ስም አወጣው። ዓላማው ሰዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ከመቀየር እንዲያርፉ ነበር። «የበጋና የክረምት ጎማ» ብሎ መተርጎም ለእኛ ያሳስታል፤ የእኛ ክረምት ዝናብ እንጂ በረዶ አይደለምና። «የሁሉ ወቅት ጎማ» ማለት ይሻላል፤ ዊንተር ታየር የሚሉትንም «የበረዶ ጎማ» ብንለው ማንም አይሳሳትም። ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ) የሚለው ምልክት የጎማውን ጥርስ ቅርጽ ብቻ የሚመለከት የአምራቹ ቃል ነው። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ምልክት ግን በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ብቻ የሚያገኘው ነው። ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ የሚኖር ሰው ከቪ ወደ ደብልዩ ከፍ ለማለት ከሚከፍለው ገንዘብ ይልቅ ይህ ምልክት ላለው ጎማ ቢከፍል እመርጣለሁ። ከፍ ያለ ፊደል ያለው የሁሉ ወቅት ጎማ ብዙ ጊዜ የማይል ዋስትናውም ያንሳል።

የፊደሎች መለያየት ችግር የሚጀምረው መኪናው ስፖርታዊ ኤስ ዩ ቪ ሲሆን ነው። የመጀመሪያውን ትውልድ ፖርሽ ማካን እንውሰድ። በ20 ኢንች ቸርኬ ሲመጣ ከፊት 265/45፣ ከኋላ 295/40 ይጠልቅበታል። ቁመታቸውን ቢያሰሉ የፊተኛው 746.5፣ የኋለኛው 744 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ እንዲህ የጠበበው አራቱንም እግር የሚያሽከረክረው ማርሽ እንዳይጎዳ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው የሞቃት ወቅት ጎማ በሁለቱም በኩል ዋይ ነው። ባለቤቱ የሁሉ ወቅት ጎማ ሲፈልግ ግን አንዱ አምራች ለፊቱ ልክ ቪ፣ ለኋላው ልክ ደብልዩ ብቻ አለኝ ሊለው ይችላል። አምራቾች እያንዳንዱን ልክ የሚሠሩት በብዛት ለሚወስደው መኪና አስበው ነው፤ 265/45 ሌሎች ብዙ ቤተሰብ ተኮር መኪኖችም ይወስዱታል፤ 295/40ን የሚወስዱት ጥቂት ፈጣኖች ናቸው። እንዲህ ሆኖ በአንድ መኪና ላይ ሁለት ፊደል ይገናኛል።

ይህ ክልክል ነው? አይደለም፤ ግን ሕግ አለው። የመጀመሪያው፣ መኪናው የፍጥነት አቅሙን የሚያገኘው ከዝቅተኛው ፊደል ነው። ጥማድ በዘገምተኛው በሬ ልክ እንደሚያርስ፣ ሦስቱ ጎማ ደብልዩ ሆኖ አንዱ ቪ ቢሆን መኪናው ቪ ነው። ሁለተኛው፣ በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኙ ፈጽሞ መለያየት የለበትም። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፦ ፊደሉ ከፊትና ከኋላ ከተለያየ ዝቅተኛው ከፊት፣ ከፍተኛው ከኋላ ይሁን። ሞተሩ የሚያሽከረክረው የትኛውን እግር ይሁን ለውጥ የለውም፤ ታላላቅ የጎማ አምራቾች የሚሰጡት ምክርም ይኸው ነው።

ለምን ከኋላ? በአብዛኛው ዝቅተኛ ፊደል ያለው ጎማ ጎኑ ለስለስ ይላል፤ በፍጥነት ሲታጠፍ ቀድሞ ይሸነፋል። የፊት ጎማ ሲሸነፍ መሪው አልታዘዝ ብሎ መኪናው ወደ ፊት ይገፋል። ሾፌሩ ይደነግጣል፣ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይተርፋል። የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው በራሱ ዙሪያ ይሾራል። ይህን ለማዳን ሥልጠናና ፈጣን እጅ ይጠይቃል፤ በተለይ እንደ ኤስ ዩ ቪ ከፍ ባለ መኪና ላይ። አዲስ ጎማ ሁለት ብቻ የገዛ ሰው ከፊት ልሰር ሲል «ከኋላ ይሁን» የሚል ጎሚስታ ካገኘ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አግኝቷል።

ማካን ላይ ግን ሌላ ገደብ አለ። ከፊትና ከኋላ ያለው ስፋት ስለሚለያይ ጎማውን ማቀያየር አይቻልም። ስለዚህ ከፊት ቪ፣ ከኋላ ደብልዩ ከሆነ ይሁን፤ የተገላቢጦሹ ከሆነ፣ ማለትም ኋላው ዝቅ ካለ፣ ያንን ስብስብ አይግዙ። ሻጩ ዋጋ ቢቀንስልዎትም ሌላ አምራች ይፈልጉ። ከፊት አንድ አምራች፣ ከኋላ ሌላ አምራች አድርጎ ፊደል ማመሳሰልም መፍትሔ አይደለም፤ የላስቲኩ ቅመምና የጥርሱ ቅርጽ መለያየት ከአንድ ፊደል ልዩነት ይብሳል። የመጫን አቅሙን ደግሞ ለምንም ነገር አይቀንሱ። 104 በሚያስፈልገው ቦታ 101 ማስገባት፣ ዋይ በነበረበት ቪ ከማስገባት የከፋ ጥፋት ነው፤ የመኪናው ክብደት በዝግታ ሲነዱም አብሮዎት አለና።

ከፋብሪካው ፊደል ዝቅ ማለት የሚፈቀደው እስከ የት ነው? በአሜሪካ አምራቾች የሚመክሩት ዝቅ እንዳይባል ነው፤ ብዙ ጎማ ቤቶችም ዝቅ ያለ አንገጥምም ይላሉ። የብዙ አውሮፓ ሠራሽ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ ግን ለኤም ፕላስ ኤስ ጎማ የተለየ አስተያየት አለው። ጀርመን ውስጥ የሚኖሩ አንባቢዎች እንደሚያውቁት፣ መኪናው ከሚደርስበት ፍጥነት ያነሰ አቅም ያለው የበረዶ ጎማ ማሰር ይቻላል፤ ነገር ግን የጎማውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚናገር ተለጣፊ ሾፌሩ በሚያየው ቦታ መኖር አለበት። አውቶባን በሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ የፍጥነት ወሰን የሌላቸው ክፍሎች ስላሉ ማስጠንቀቂያው ለወጉ ያህል የተቀመጠ አይደለም። በተጨማሪም ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ጀርመን በበረዶ ወቅት የምትቀበለው የተራራውን ምልክት የያዘውን ጎማ ብቻ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አበባም ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በከተማው የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ ቮልስዋገን አይ ዲ 4 ነው። ይህ መኪና በ19 ኢንች ቸርኬ ከፊት 235/55፣ ከኋላ 255/50 ይወስዳል፤ ይህም የማካኑ የ19 ኢንች ልክ ነው። አራት እኩል ጎማ ለማሰር የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል፤ የኋላው ልክ ሲጠፋም «የተገኘውን እሰርልኝ» ማለት ይመጣል። መኪናው የሚደርሰው 160 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ ከፍ ያለ ፊደል አያስፈልገውም። ባትሪው ግን ከባድ ነው፤ የሚጠይቀው የመጫን አቅም ነው። ወደ አዋሽና ወደ ሰመራ በሚወርደው መንገድ ላይ ሙቀቱ፣ ጭነቱና የጎደለ ንፋስ ሲገናኙ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጫና ከባድ ይሆናል።

ጎማ ሊገዙ ሲሄዱ መጀመሪያ በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን ልክና ንፋስ፣ ከዚያም የመመሪያ መጽሐፉን ያንብቡ። ሻጩን የአራቱንም ጎማ ጎን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ የመጫን አቅሙን ቁጥርና የፍጥነት አቅሙን ፊደል በዓይንዎ አይተው ያመሳክሩ። ፊደሎቹ ከተለያዩ ከፍተኛው ከኋላ መሆኑን፣ ግራና ቀኙም አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ።